አውሮፕላኑና የወፍጮው ቺንጋ

የጋለ ቺንጋ ሽታ ያሳፍረኛል። ሰው በሽታ ያፍራል ወይ አትበሉኝ፤ እኔ አፍራለሁ። ባለፈው ሰሞን በርበሬ ላስፈጭ ሰፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ኖሮ አሮጌውን የናፍጣ ሞተር አስነስተውታል። ያ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ረጅም የጎማ ቺንጋ እየተሽከረከረ ሲግል የሚያወጣው ሽታ ከዱቄቱ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ነደደ። በርበሬዬን ወረፋ ላይ ትቼ ውጪ ወጥቼ ቆምኩ። ጂንካ ትዝ አለችኝ፤ ኦይታ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ኦይታ ማለቴ ነው። ያኔማ ማን ጋሽ ብሏቸው! አባቴን የሚያክሉትን ሰው፣ እኔ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ፣ “አንተ ኦይታ” እያልኩ እጠራቸው ነበር። ከተማው እንደዚያ ነበር። ከደጋ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሁሉ፣ የእኔም ቤተሰብ ጭምር፣ የአገሬውን የአሪ ሰው ሽማግሌም ይሁን ጎልማሳ “አንተ” ነው የሚለው። እሳቸው ደግሞ አማርኛቸው ለወንድም ለሴትም አንድ ስለነበር መልሰው “አንተ መምህር” ይሉኛል። እኔ በዚህ እስቅ ነበር። በራሴ “አንተ” ግን አንድም ቀን አላፈርኩም።

ሥራቸው የአውሮፕላን ማረፊያውን መጠበቅ ነበር። ሜዳው ከተማው መሃል ነው፤ ሣር ብቻ። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን የላሞች፣ የፍየሎች፣ የኳስ ተጫዋቾችና የአቋራጭ መንገደኞች ነው። ከሩቅ ድምፅ ሲሰማ ጋሽ ኦይታ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ይቀጠቅጡና ሰፊ ካኪ ኮታቸው እየተውለበለበ ከጫፍ ጫፍ እየሮጡ ከብቱን ያባርራሉ። ዝናብ የዘነበ ዕለት ጫማቸውን አውልቀው ሜዳውን በባዶ እግራቸው ይለኩታል። ቁርጭምጭሚታቸው ከሰጠመ ለሬዲዮ ሠራተኛው “ዛሬ አይሆንም” ይሉታል፤ እሱም ለአብራሪው ያስተላልፋል። አብራሪዎቹ በእሳቸው እግር ይተማመኑ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሲሠሩ ጊዜያዊ ነበሩ። በኋላ የማረፊያው ቢሮ አንድ ቋሚ ጠባቂ ሊቀጥር ሆነና፣ ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ካመጡ ቦታው የእሳቸው እንደሆነ ነገራቸው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነበር። እኛ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ጎልማሶችን እናስተምራለን። ጋሽ ኦይታ የእኔ ምድብ ደረሱ። እርሳሷን እንደ መቆፈሪያ ጨብጠው፣ ላብ ጠብ እስኪላቸው ይጽፉ ነበር። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። አራት ነጥብ ማስቀመጥ ሲችሉ የተደሰቱት ደስታ! ሁለት ሁለት ነጥቡን ጎን ለጎን ያሳርፉና “አለቀ!” ብለው ቀና ይላሉ።

የፊዚክስ መምህራችን ከሰሜን የተመደበ ወጣት ነበር፤ ጎፈሬው የተበጠረ፣ ሱሪው ከታች የሰፋ። እኔ እሱ የረገጠውን መሬት እወድ ነበር፣ ምን ልደብቅ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ “ሜዳው እንዳለ ትልቅ የወፍጮ ቺንጋ ነው እንበል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ወደ ፊት ሲሮጥ፣ ቺንጋው በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ይሮጣል። አውሮፕላኑ ይነሳል?” እኔ ማን ቀድሞኝ! “አይነሳም። ቢሮጥ ቢሮጥ እዚያው ነው” አልኩ። “አጨብጭቡላት!” አለ። ተጨበጨበልኝ።

ያን ጭብጨባ ይዤ ነው ከሰዓት በኋላ አዳራሽ የገባሁት። እዚያም ጥያቄውን ደገምኩት፤ እውቀቴን ላሳይ እኮ ነው። ከጋሽ ኦይታ በቀር ሁሉም “አይነሳም” አሉ። እሳቸው በማግስቱ ግን ከሁሉ ቀድመው መጥተው በር ላይ ጠበቁኝ።

“መምህር፣ ይነሳል” አሉኝ።

“እንዴት ተደርጎ?”

“ሎንቺና ጭቃ ሲገባ ጎማው ጭቃ ወደ ኋላ ይረጫል። አይተሃል? መሬቱን ይገፋል። አውሮፕላን ጭቃ አይረጭም። እኔ ስንት ዓመት አየሁ። ጎማው ዝም ብሎ ይንከባለላል። አውሮፕላን በእግሩ አይሄድም፤ በአፍንጫው ነው የሚሄደው።”

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። ቅዳሜ እናቴ በቆሎ እንዳስፈጭ ልካኝ ወፍጮ ቤት ስደርስ፣ የልጃቸውን የሽቦ መኪና ይዘው አገኘኋቸው። ጎማዎቹ ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጡ ናቸው። ሞተሩ ገና ተነስቶ ቺንጋው ቀስ እያለ ሲዞር መኪናዋን ላዩ ላይ አስቀመጧት፤ ተስፈንጥራ ወደ ኋላ ሄደች። አነሷት፣ አፍንጫዋ ላይ ሲባጎ አሰሩ፣ እንደገና አስቀመጡና ከፊት ያዟት። ጎማዎቹ በረሩ፣ እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ሲባጎውን ሳብ አደረጉት። መኪናዋ በሚሸሸው ቺንጋ ላይ ወደ ፊት መጣች። ጎማዎቹ ይበልጥ ፈጠኑ እንጂ ምንም አልከለከሏትም።

“ሲባጎው አየሩ ነው” አሉኝ። “አፍንጫው ላይ በሚሽከረከረው ፕሮፔለር አየሩን ይዞ ራሱን ይጎትታል። እግሩ ሥር ያለው ቢሮጥ ምን ቸገረው?”

“አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ያስቆርጥሃል!” ብሎ ባለ ወፍጮው ጮኸባቸው። እየሳቁ መኪናዋን አነሱ። እኔ አልሳቅኩም። ገብቶኝ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ማንም እንዲስትብኝ አልፈልግም፦ ያኔ፣ እዚያው ወፍጮ ቤት ቆሜ፣ በደንብ ገብቶኝ ነበር።

የፈተናው ቀን መጣ። ፈታኝ ሆኖ የተመደበው ያው የፊዚክስ መምህራችን ነው። አብረውኝ የሚማሩ ልጆችም ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ ኦይታ ኮታቸውን አጥበው፣ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጥተዋል። ውሃን አፍልቶ ስለ መጠጣት የተጻፈውን ምንባብ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ሳይስቱ አነበቡ። ስማቸውን ጻፉ። አልቆ ነበር። መምህሩ ግን ቀልድ አማረው።

“አንተማ የአውሮፕላን ሰው ነህ” አለና ያንን ጥያቄ ጠየቃቸው።

“ይነሳል” አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። “መምህርም ያውቃል” አሉ። በሙሉ ልባቸው ነው ያሉት።

መምህሩ ቅንድቡን አንስቶ አየኝ። “እንዴ? አንቺም?”

ምን ነበር “አዎ” ብል? አንዲት ቃል! እኔ ግን የተጨበጨበልኝን አሰብኩ፤ ልጆቹን አሰብኩ፤ የእሱን ዓይን አሰብኩ። ድምፄን አጎርንኜ፣ የእሳቸውን አነጋገር ቁጭ አድርጌ፣ “አውሮፕላን በእግሩ አይሄድም፤ በአፍንጫው ነው የሚሄደው” አልኩ። እንዴት ያለ ሳቅ ተሳቀ መሰላችሁ። መምህሩ እንባውን እየጠረገ፣ “ፊደሉን ለይቷል፣ መረዳቱ ይቀረዋል። ቢደግም አይሻልም? አንቺ ነሽ አስተማሪዋ” አለኝ።

“ይድገም” አልኩ።

ጋሽ ኦይታ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጠው ወጡ። የሚቀጥለው ዙር እስኪደርስ ቢሮው የምስክር ወረቀት ያለው ሌላ ሰው ቀጠረ፤ እሳቸውም ተራራው ላይ ወዳለው የእንሰት ማሳቸው ተመለሱ። እኔ አሥራ ሁለተኛን በጥሩ ውጤት አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ አስተማሪ ያንኑ ጥያቄ አመጣና ክፍሉ ሲከራከር፣ ተነስቼ ስለ ሎንቺናውና ስለ ጭቃው፣ ስለ ሲባጎውም ተናገርኩ። “ግሩም! ከየት አመጣሽው?” አለኝ። “አስቤው ነው” አልኩ። ምላሴ አልተያዘም።

ለእረፍት ጂንካ የሄድኩ ጊዜ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ልጃቸውን አስከትለው ኮረሪማ ይሸጣሉ። ሸሽቼ ላልፍ ስል “መምህር!” ብለው ተነሱ። ለልጅቷ “ፊደል ያስቆጠረኝ ይህ ነው” አሏት። “እንደምን ነዎት ጋሽ ኦይታ” አልኩ። እሳቸውም፣ “ያ ወረቀት አሁን ይገኛል? ለሥራ አይደለም። ሥራው ሄደ። ለቤት ነው” አሉ።

ቀበሌ ጠየቅኩ፤ ዘመቻው ከቀረ ቆይቷል ተባልኩ። ተመልሼ ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩና፣ ኮረሪማው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ማንበብና መጻፍ እንደሚችሉ ጽፌ ፈረምኩ። ተቀብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው “ስለ አውሮፕላኑስ?” አሉኝ። ከአጠገባችን አባቴን የሚያውቅ ነጋዴ ቆሞ ይሰማ ነበር።

“ይኸው ይበቃል” አልኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰምቼ፣ ለቅሶ ለመድረስ ተራራውን ወጣሁ። ልጃቸው፣ ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለውን ወረቀት አውርዳ ሰጠችኝ። ፊርማዬ ደብዝዟል። ከሥሩ፣ ማኅተም በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ተጭነው በጻፉት ጉልህ የእርሳስ ፊደል “አውሮፕላኑ ይነሳል” የሚል ሰፍሯል። አራት ነጥቡንም አልረሱም።