ጫካ ተብሎ የተቀባ መንደር

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጠቃለል ስንት ገጽ ይወጣዋል? ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ «ዞኑ በጨረፍታ» የሚል መጽሔት አለ፤ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። መሬቱ ሁለት ገጽ፣ ሕዝቡ ሁለት፣ አስተዳደሩ ሦስት፣ ኢኮኖሚው ሁለት፤ የቀረው የኃላፊዎች ፎቶግራፍ ነው። ጓደኛዬ ወልዱ ያን መጽሔት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲመግብ ኖሮ አንዲት መስመር አልደረሰችውም።

ወልዱ መረጃ ሰብሳቢ ነበር። እስከ ወናጎ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር። ዝናብ ሲመጣ ቅጹን ሸሚዙ ሥር ከትቶ እሱ ይበሰብሳል። «እኔ እደርቃለሁ፣ ወረቀት ከራሰ ግን ዳገቱን እንደገና መውጣት ነው» ይል ነበር። ደጅ ቆሞ አይጠይቅም። ቁጭ ብሎ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቆ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ነው እርሳሱን የሚያወጣው። ጓሮህ ውስጥ ምን አለ ይላል፤ ይመልሱለታል። «ሌላስ?» ይላል። ይጨምሩለታል። «ሌላስ?» ይላል እንደገና። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ጋሽ ሌላስ» የሚል ስም አወጡለት።

ይሳቁ እንጂ ወልዱ የሚያደርገውን ያውቃል። ከወርቃ ከተማ በላይ ባለችው የትውልድ መንደሩ በሀሎቆ፣ ጓሮህ ውስጥ ምን አለ የተባለ ሰው ቡናውን አስቀድሞ አይጠራም፤ እንሰቱንም አይጠራም። መጀመሪያ የሚጠራው አባቱ የተከለውን ዛፍ ነው። የአባትን ዛፍ ዘሎ የራስን ቡና መጥራት እዚያ ነውር ነው። ቡናውና እንሰቱ ግን ከዛፉ ሥር ናቸው፤ ቤቱ ከእንሰቱ መሐል ነው፤ ሰውየው ከነቤተሰቡ እዚያ ነው። እዚያ ድረስ ለመግባት አንድ ጥያቄ አይበቃም።

ወልዱ ጡረታ በወጣ በዓመቱ የሀሎቆን መሬት ሊመዘግብ የሄደው ታብሌት የያዘ፣ ቀኑ የጠበበበት ወጣት ነው። እዚህ መሬት ላይ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። «ዋንዛ» አሉት። ታብሌቱ ላይ ዛፍ የሚለውን ነካ አድርጎ አለፈ። በቀጣዩ ቤት «ብርብራ» አሉት። እሱንም ነካ አድርጎ አለፈ። ታብሌቱ ከአንድ መልስ በላይ አይቀበልም። ከሰማይ የተነሣው ምስልም ቅጠል እንጂ ጣራ አላሳየም። ሁለቱ ተመሳከሩና ተስማሙ። መጽሔቱ ሲወጣ ሀሎቆ በካርታው ላይ አረንጓዴ ተቀብታለች፦ ደን፣ መኖሪያ የሌለበት። ሰዎቹማ ተቆጥረዋል፤ ከታች ባለው ቀበሌ ሕዝብ ላይ ተደምረዋል። ዕድሜዬን ስለ መኖርና ስላለመኖር ሳነብ ኖሬያለሁ። ሰው ቁጥር ሆኖ ተገኝቶ ቦታ ሲያጣ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ለሀሎቆ ታስቦ የነበረው ጤና ኬላ ከዕቅድ ወጣ። ደን ውስጥ ጤና ኬላ አይሠራማ። በዚያው ክረምት የወልዱ የእህቱ ልጅ ቤቴል ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ቁልቁል ይዘዋት ወረዱ። ወርቃ ካለው ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ወለደች። ሕፃኑ አላለቀሰም።

ከሕፃኑ ቀብር በሦስተኛው ቀን ወልዱ ዲላ መጣ፤ አብሬው መሥሪያ ቤቱ ገባሁ። ኃላፊው ተክለብርሃን ወንበር ሰጠን፣ ሻይ አዘዘልን። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን የምጮህበት አገኝ ነበር።

ወልዱ መጽሔቱን ገልጦ ጣቱን አረንጓዴው ላይ አሳረፈ።

«ጋሽ ወልዱ፣ ሳተላይት ይዋሻል ነው የሚሉን?» አለ ተክለብርሃን ፈገግ ብሎ።

«አይዋሽም፣ ልጄ። ግን ጎንበስ አይልም።»

ተክለብርሃን ከልቡ ሳቀ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ካርታውን ለማረም የተረጋገጠ መረጃ ያስፈልጋል፤ ለማረጋገጥ ቡድን፣ ለቡድኑ መኪናና አበል፤ መኪናዋ ደግሞ ጋራዥ ናት። ለማንኛውም በሚቀጥለው እትም ይታያል። የሚቀጥለው እትም መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ቁልቁለት ስንት ቃሬዛ እንደሚወርድ የሚነግረኝ ገጽ ፈለግሁ፤ የለም። ኢኮኖሚ የሚለው ገጽ ላይ ቡናችን በዓለም የታወቀ ነው ይላል። ካርታውን ከጎኑ ዘረጋሁበት።

«ይህን ቡና ማን ለቀመው? ዝንጀሮ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አለኝ። በመማሬ ያን ቀን እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም። አገር ማለት ለእነዚህ ሰዎች በወንበር ላይ ሆነው የሚያዩት ነገር ነው፤ ዓይናቸው ያልደረሰበት ሰው የማይኖር ይመስላቸዋል፤ ባይኖር ደግሞ ሥራ ይቀልላቸዋል።

ወልዱ አልተቆጣም። ከቢሮው እንደወጣን በረንዳው ላይ ተቀመጠና ማመልከቻ ጻፈ። መዝገብ ቤት ማኅተም መትተው ተቀበሉት። በየሳምንቱ እየመጣ ጠየቀ፤ እየታየ ነው አሉት። በጥር ወር የሳንባ ሕመም አሸንፎት ሞተ። ማመልከቻው ዛሬም እዚያው ነው፤ ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። እንዲህ ይላል፦ «መኪና አልጠይቅም፤ አበልም አልጠይቅም። ከወርቃ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አንድ ቀን አብሮኝ ይውጣና ከአንዱ ቤት ገብቶ ይቀመጥ። ተቀምጦ ካየ በኋላ ጫካ ነው ካለ፣ እኔም ጫካ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»