ልጄ ሥራ እስክታገኝ

ለዳታ ሳይንስ ሥራ መፈተን አንድ ቀን ገብቶ መውጣት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በተለይ ባዮቴክ ከሆነ ዙሩ አያልቅም። መጀመሪያ አንዲት ትሁት ሴት ስለ ራስሽ ንገሪኝ ትላለች። ቀጥሎ ኮድ ያስጽፉሻል። ከዚያ የላብራቶሪ ሰዎች ስለ ፕሮቲን ያፋጥጡሻል። በመጨረሻ ሁሉም ተሰብስበው እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች እንኳ እንዲህ አይመላለሱም።

እኔ ደግሞ ከሁለት ያጣ ጎመን ነበርኩ። አያት አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት "አንቺ የኮምፒውተር ሰው ነሽ፤ ባዮሎጂው ይከብድሻል" ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ጋ ስሄድ ደግሞ "ባዮሎጂስት ነሽ እኮ፤ ኮድሽ ደከም ይላል" ተባልኩ። የነበርኩበት ፕሮጀክት ከተዘጋ ወዲህ ቤት ውዬ ቤት አድራለሁ። ስለዚህ መድኃኒት የሚሠራ አንድ የውጭ ድርጅት በቪዲዮ ሊያነጋግረኝ ሲፈቅድ፣ ይሄ ካመለጠኝ ሙያውን እተወዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ለእማዬም ይህንኑ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር።

ቤታችን ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ የሚያልቅበት ላይ ነው። ኢንተርኔቱ ደህና የሚይዘው ሳሎን ብቻ ስለሆነ በኢንተርቪው ቀን እማዬ ጓዳ ትገባለች። ቴሌቪዥን አይከፈትም፤ ጎረቤት ቢመጣ በር ላይ በምልክት ይመለሳል። ጓዳ ሆና እንደምትጸልይልኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ከራሴ ዝግጅት ይልቅ በእሷ ጸሎት እተማመን ነበር።

በሁለተኛው ዙር ሰሞን እማዬን ራሷን ያዞራት ጀመር። ጤና ጣቢያ ስወስዳት የደም ግፊቷ ጣራ ነክቷል። ሐኪሙ "የግፊት መድኃኒትዎን ጠዋትና ማታ ይወስዳሉ?" ብሎ ሲጠይቃት "እንዴታ!" አለች፤ የተቆጣች መሰለች። እሱም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ጨመረላት።

ሦስተኛው ዙር ላይ ራሰ በራው ጠያቂዬ አንድ ግራፍ ከፈተልኝ። እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ ሰዓት ላይ በአንድ በሽተኛ ደም ውስጥ የተገኘውን የመድኃኒት መጠን ያሳያል። አብዛኞቹ ነጥቦች አንድ ላይ ተሰብስበዋል። የጥቂት ሰዎች ደም ግን እኩለ ቀን ላይ ባዶ ሆኖ ማታ በአንዴ ብድግ ይላል።

"እነዚህን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?" አለኝ።

የተማርኩትን መለስኩ። የመለኪያ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፤ ከትንተናው አወጣቸዋለሁ አልኩት። "በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈ። ከደስታዬ ብዛት በቅጡ ሳልሰናበተው ላፕቶፑን ዘጋሁት።

እማዬ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። አመሻሽቷል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አለቀ? በይ እንግዲህ ውሃ ስጪኝ። ክኒኔንም ከራስጌ አምጪልኝ፤ ሁለት።"

"ለምን ሁለት?"

"የጠዋቱም አለብኝ እኮ።"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሳፋጥጣት አመነች፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ስለት ተስላለች፤ ልጄ ሥራ እስክታገኝ ሳይመሽ ውሃ ባፌ አይዞርም ብላ። ቀን ቀን ደሟ ባዶውን ይውላል፤ ማታ ሁለቱን በአንዴ ትውጣቸዋለች። ከትንተናው ያወጣኋቸው ሰዎች እንደ እሷ ያሉት ነበሩ። ተናደድኩም አፈርኩም።

ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከረምን። "የንስሐ አባትሽ ራሳቸው መድኃኒት ጾም አይሽርም ይላሉ" ብላት "እሱ ለጾም ነው፤ ስለቱ የኔ ነው" አለችኝ። ሐኪሙ ቢነግርሽስ ስላት "ሐኪሙ ሥራ ያስገባሻል?" አለች።

አራተኛው ዙር ጠዋት ነበር። ስክሪኑ ላይ አራት ፊት ተደርድሮ ሰላምታ እንደተለዋወጥን ከጓዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። "አንድ ደቂቃ" ብዬ ሮጥኩ። በርጩማው ተገልብጧል፤ እማዬ መሬት ተቀምጣ ግንባሯን ይዛለች፤ ላብ አጥምቋታል። አንድ ክኒንና ውሃ አቀረብኩላት። ፊቷን አዞረች።

"ሂጂ ፈተናሽን ጨርሺ።"

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

"አለፍኩ እኮ እማዬ! አሁን ነገሩኝ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ማርያምን በይ።"

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ከሚሰማበት ቤት ነው ያደግኩት። በዚያ ስም ዋሽቼ አላውቅም።

"ማርያምን" አልኳት።

ክኒኑን ዋጠች፤ ውሃውን እስከ ታች ጠጣች። ከዚያ ወለሉን ስማ እልል አለች። እልልታዋ ባሕር ዛፉ ድረስ የሚሰማ ነበር።

ማይክሮፎኑን አልዘጋሁትም ኖሯል። ስመለስ አራቱም ይስቃሉ። "የምሥራች አለ እንዴ?" አለኝ ራሰ በራው። እናቴ ናት አልኩና ወንበሬን ሳብኩ። እሱም ያንኑ ግራፍ መልሶ ከፈተው።

"እነዚህን አውጥተናቸዋል፤ አይደል?"

"አይ፣ ይቆዩ" አልኩት። "ስህተት አይደሉም። ክኒናቸውን እስከ ማታ የሚያቆዩት ናቸው።"

"ዳታው ውስጥ ይህን የሚያሳይ ነገር አለ?"

"የለም።"

ሳቁን አቁሞ አንድ ነገር ጻፈ። ከጓዳ እማዬ ለእህቷ ስልክ ደውላ "ልጄ ሥራ ገባች!" ስትል ይሰማኛል።