የሳህን መጋቢ

በኅብረታችን ውስጥ የፕላስቲክ ሳህን ኃጢአት የሆነው፣ ዱባይ አጠገብ ሻርጃ በምንከራየው አዳራሽ ኤሲው ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨን በተቀመጥንበት አንድ እሁድ ነው። መሪያችን ዱባይ ኡድ ሜታ ቢሮ ያለው፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ወንድም ነው። የዚያን ቀን ስለ ፍጥረት ሰበከ። እግዚአብሔር ምድርን ለሰው የሰጠው እንዲበላት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ነው፣ ሰው የምድር ባለቤት ሳይሆን መጋቢዋ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኛው ቆሻሻ መጣ። ከአምልኮ በኋላ የሩዙ ሳህን፣ ማንኪያው፣ ግማሹ ተጠጥቶ የተተወ የውሃ ፕላስቲክ በጥቁር ፌስታል ይታጨቅና ሊፍቱ አጠገብ ይቆለላል። ክምሩን ያላየ ሰው አልነበረም። ያፈረበትም አልነበረም።

እውነቱን ነው የተናገረው፣ ይሄን አልክድም። በበዓል ማግስት አል ማምዛር ባሕር ዳር ሄጄ፣ እኛው ስንዘምር በዋልንበት ሣር ላይ የእኛው ሳህን በነፋስ ሲንከባለል አይቻለሁ። ስለዚህ ከልቤ አሜን አልኩ። ሌላውም አሜን አለ፤ አሜን አያደክምም። ኤሲውን እንቀንስ ሲባል ግን ለፍጥረት የሚያስብ ጠፋ። ሱፍ ለብሶ የሚሰብክ ሰው ይሞቀዋል።

ከዴይራ ገበያ በጅምላ ዕቃ እየገዛች ወደ አገር ቤት የምትጭን አንዲት እህት የሜላሚን ሳህን በካርቶን አመጣች። እያንዳንዱ ሳህን ለየብቻው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ላስቲኩን ቀድደን ጣልንና በሳህኖቹ ላይ ጸለይን።

ጥያቄው የመጣው ከተበላ በኋላ ነው። ማን ያጥባል? መሪው፣ ለዚህ አገልግሎት ሸክም ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ። እኛ ጋ ሸክም ማለት ጌታ በልብህ ያኖረው ጉዳይ ነው። የዚያን ቀን ጌታ በማንም ልብ ምንም አላኖረም። ሰዉ ስልኩን መነካካት ጀመረ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ዓይን ሁሉ እትዬ ላይ አረፈ።

እትዬ የምላት፣ አጅማን አል ራሺዲያ አልጋ ብቻ በምንከራይበት ቢድ ስፔስ ከኔ አልጋ በታች የምትተኛው ሴት ናት። የሁላችንም ታላቅ ናት፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ቤት ስታጥብ ነው። ሳህን ሲባል እሷ ትዝ ማለቷ ማንንም አልደነቀም። መሪው ወደ ፊት ጠራት፣ እጁን ጫነባት፣ ጸለየላት። ከዛሬ ጀምሮ እህታችን የሳህኖቻችን መጋቢ ናት አለ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እሷ ግን አለቀሰች።

ለምን እንዳለቀሰች የገባኝ ወደ አጅማን በሚመልሰን አውቶቡስ ውስጥ ነው። እትዬ ባደገችበት ከተማ መጋቢ ማለት ቤተ ክርስቲያን የሚመራ፣ ሲገባ ሰው የሚነሣለት ሰው ነው። «የሳህን» የምትለዋን ቃል ጆሮዋ ዘለላት። በጉባኤ ፊት ተጠርታለች፣ እጅ ተጭኖባታል፤ ሌላ ምን ቀረ? ለወንድሟ ደውላ መጋቢ ሆንኩ ስትለው ከወዲያ በኩል እልልታ ተሰማ። አውቶቡሱ ሙሉ ዞሮ አየን።

ስልኩን ስትዘጋ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ሳህን አጣቢ ነው ያደረጉሽ።»

«ባጥብስ? ጌታም እግር አጥቧል።»

«ጌታ አንድ ማታ ነው ያጠበው። አንቺ በየሳምንቱ ነሽ።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ በረኪና ነው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በረኪናን ደግሞ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። የጣቶቿ ጫፍ በእሱ ተልጦ እንደ ሻማ ለስልሷል፤ ጎን ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። ነገሩ ሲያዩት የሚያሳዝን ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያን ሰሞን ግን አል ማምዛር አዲስ ማዳም አግኝታ የመኖሪያ ፈቃዷ በሂደት ላይ ነበር። የጤና ምርመራውን አልፋለች፤ የቀራት በስማ፣ የጣት አሻራ ነው። አሻራው ካልተነበበ ፈቃድ የለም፣ ፈቃድ ከሌለ ሹግል፣ ሥራ የለም፣ ሹግል ከሌለ መንገዱ ወደ ኤርፖርት ነው።

የኅብረቱ እህቶች ግን አንዴ ፍጥረትን ማዳን ከጀመሩ የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዷ ከስልኳ ያየችውን ይዛ መጣች። የሳህን ሳሙና ኬሚካሉ ባሕር ገብቶ ዓሣ ይገድላል፣ ከዛሬ ጀምሮ የምናጥበው በሎሚና በኮምጣጤ ነው አለች። «የምናጥበው» ትላለች፣ የምታጥበው አንድ ሴት ሆና ሳለ። በምሠራበት ክሊኒክ ያሉትን ዓይነት ስስ ጓንት ገዝቼ አመጣሁላት። የዴይራዋ ነጋዴ አንዱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለሰዉ አሳየች።

«ይሄስ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ? ጉድ እኮ ነው፣ መጋቢያችን ራሷ ፍጥረትን ልትበክል።»

ተሳቀ። እትዬም አብራ ሳቀችና ጓንቱን ኪሷ ከተተችው። ወፍራሙን፣ ታጥቦ የሚደገመውን የጎማ ጓንት ገዛሁላት፤ እጇ ውስጡ ሲያልበው ስንጥቁ እየባሰበት ተወችው። ሎሚው ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ትንፋሿን ትይዛለች። ከአዳራሹ መዝሙር ይመጣል። ሕመሙ በረድ ሲልላት ካቆመችበት ተቀብላ ትዘምራለች።

የእረፍቴ ቀን አሻራ ወደሚሰጥበት ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ማሽኑ ጋ ያለችው ልጅ የእትዬን ጣት መስታወቱ ላይ ጫነች፣ በሶፍት ጠረገች፣ ደግማ ጫነች፣ ሌላ ጣት ሞከረች። «ማፊ በስማ» አለች፣ አሻራ የለም። እትዬ ጣቷን ገልብጣ አየችው፣ አሻራዋን የሆነ ቦታ ጥላ የመጣች ይመስል። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም። እጅሽን አሳርፊ፣ ቅባት ቀቢ፣ ማጠቢያ የሚባል ነገር አትንኪ፣ ሻል ሲልሽ ተመለሽ አለቻት። ማዳም ግን በስልክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሴት እወስዳለሁ አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ተነሣሁ። የእትዬ አሻራ አልተነበበም፣ እጇ ካላረፈ አገር ለቅቃ መሄዷ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ሁላችንም የበላንበትን እናጥባለን አልኩ። ቧንቧ አለ፣ ሁሉም ሰው ሁለት እጅ አለው። ሌላ ምንም አላልኩም።

አንዱ ሜትሮ ሊያመልጠው ነው። አንዷ ጥፍሯን ገና ትናንት ነው ያሠራችው። መሪው በጣም አዘነ፤ ማዘን ይችልበታል። እህታችንን አናስቸግራት፣ ለዛሬ ብቻ ብሎ አንድ ወንድም ወደ ታች ሱቅ ላከ። ወንድምየው ፕላስቲክ ሳህን ታቅፎ ሲመለስ አዳራሹ ውስጥ የነበረውን እፎይታ ያየ ሰው፣ እስረኛ የተፈታ ይመስለው ነበር። ያ ሁሉ ስብከት በአንድ የሊፍት ምልልስ አለቀ።

የደነገጠችው እትዬ ብቻ ናት። ፕላስቲኩን ስታይ ሹመቷ ሲገፈፍ ነው የታያት። ብድግ ብላ የሜላሚኑን ሳህን ከካርቶን ማውጣት ጀመረች። ክንዷን ያዝኩ።

«ማዳምሽ አንዴ ነው የምጠብቀው ብላለች እኮ።»

«ልቀቂኝ።»

«ለእነዚህ ብለሽ? አንድ ሳህን ላላጠቡልሽ?»

«አገር ቤት መጋቢ ናት ብለው ለሰው ሁሉ አውርተዋል። ይሄን ሳህን ከወሰዱብኝ እኔ ምንድነኝ?»

ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ለምግብ የተሰለፈው ግን ወዲያው ከፕላስቲኩ ወደ እሷ ዞረ። የሜላሚኑ ሳህን ጠለቅ ያለ ነው፣ ሩዝ ብዙ ይይዛል።

አጠበችው። በሎሚ።

ቢሮው በተመለሰችበት ቀን ማሽኑ አላነበባትም። ማፊ። ምናልባት ሌላ መንገድ ይኖር ነበር፣ የሚጠብቃት ግን አልነበረም። ማዳም በስልክ ኸላስ፣ በቃ አለቻት፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

መሸኛ ተደረገላት። ኬክ ተቆርሶ በፕላስቲክ ሳህን ታደለ። መሪው መጋቢያችን እያለ ጸለየላት፣ ጌታ ሆይ እጆቿን ባርክ አለ። እዚያ ላይ ዓይኔን ገልጬ እጆቿን አየሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አሜን ትላለች። ኤርፖርት ስንለያይ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው።

«ወንድሜ ቢደውልልሽ፣ እዚህ ምን እንደነበርኩ እንዳትነግሪው።»

ወንድሟ ደወለ። ምን ዓይነት መጋቢ ነበረች ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ አልኩት።

የሜላሚኑ ካርቶን አሁን ከስፒከሩ ሥር ተቀምጧል። ከውስጡ አንድ ሳህን አውጥቻለሁ። በቦርሳዬ ይዤው እመጣለሁ፣ እበላበታለሁ፣ በትንሽ ውሃ አጥቤ በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው እመለሳለሁ። የምጠጣውን ውሃ ከቤት በኮዳ ሞልቼ አመጣለሁ። ምግብም የምጨርሰውን ያህል ብቻ ነው የማስወጣው፣ ስለዚህ የምጥለው ሩዝ የለኝም። ለዚህ ሁሉ ስብከት አላስፈለገኝም። ክርስቲያን ምድርን መጠበቅ አለበት የሚለውን ዛሬም አምናለሁ፣ ከሰባኪው በላይ አምናለሁ። ሌላ ሰው ቧንቧ ሥር አቁመህ የምታስጠብቀው ምድር ግን አንተ የጠበቅከው አይደለም።

የዴይራዋ ነጋዴ ሳህኔን ስታይ፣ ተነሡ፣ መጋቢዋ መጣች ትላለች። ይሳቃል። ባለፈው እሁድ መሪው ራሱ እያጠብኩ ሳለ መጣና ከአጠገቤ ቆመ። በእጁ ወጥ የነካው የፕላስቲክ ሳህን ይዟል፣ የሚጥልበት ፌስታል ሞልቶበት።

«እህቴ፣ ለዚህ አገልግሎት ሸክም እንዳለሽ እያየሁ ነው» አለኝ።

«ሸክም የለኝም» አልኩት። «አንድ ሳህን ነው ያለኝ።»

ቧንቧውን ዘጋሁ።