ከትራክተሩ ጀርባ የቀረው ክፍል

ሽማግሌዎች እህቴን ሊጠይቁ በመጡበት እሁድ ቤታችን የነበሩት እነዚህ ናቸው። አባቴ፣ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ለቀኑ ክብር ሲሉ ከረባት አስረው። አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እናታችን ካረፈች ጀምሮ ቤቱን የያዙት። እህቴ፣ እሷ እንኳን እንደ ደንቡ ሳሎን አልነበረችም፤ ሳሎኑን ከጓዳው ከሚለየው የጆንያ ግድግዳ ወዲያ ነበረች። ከሽማግሌዎቹ በኩል የልጁ አጎት፣ የሸበቱ ሰው፣ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የጀመሩት ገና በቅርቡ። አዲስ ከተማ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ነጋዴ፣ የንግግሩ ኃላፊ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው የቆሙ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ፤ እኛ ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጡ መስለውን ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የእኛ ጎረቤት መስለዋቸው ነበር። በመጨረሻም እኔ። ልጁ አልነበረም፤ መኖርም የለበትም።

ልጁ በመንግሥት እርሻ ውስጥ የትራክተር መካኒክ ነው። እህቴ ትወደዋለች። አባቴ ደግሞ በልጁ ጠባይ አንድም ነገር አላገኙበትም፤ የጠሉት ዝውውሩን ነው።

«ዛሬ አዋሳ ነው፤ ነገ ትራክተሩ የሄደበት ይሄዳል» ይሉ ነበር። «ልጄን ትራክተር ተከትላ እንድትዞር አላሳደግኳትም።»

ሐሳባቸውም የታወቀ ነበር። «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይሏቸዋል፤ ሲመለሱም ይደግሙላቸዋል፤ በመሀሉ ልጁ ይዛወርና ነገሩ ይቀራል። እህቴ ይህን አውቃለች። ከሽማግሌዎቹ መምጣት በፊት በነበረው ሳምንት አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ አጎቱ ቤት አይተው ነው ሰው የሚመዝኑት አሉ። በዚህ ትርምስ ውስጥ ቢገቡ አባባ ሰበብ መፈለግም አያስፈልጋቸውም፤ እነሱ ራሳቸው ናቸው የሚሸሹት። ቤቱን ቤት አስመስልልኝ።»

ትርምሱ በአብዛኛው የአክስቴ ነበር። አክስቴ ዕቃ አይጥሉም። ከብፌው ሥር አንድ ማንቆርቆሪያ ጎትቼ አወጣሁ፤ አፉ ተሰብሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ምን ያደርግልዎታል?»

«አፉ ደህና የሆነ ማንቆርቆሪያ ሲገኝ ክዳኑን እወስድለታለሁ።»

«እንግዲያው ክዳኑን እናስቀርና እንጣለው።»

«ክዳኑማ የለውም።»

ከማንቆርቆሪያው ቀጥሎ አንድ እግር ጫማ ወጣ። ሁለተኛውስ ብዬ ብጠይቅ «እሱን ነው የምጠብቀው» አሉኝ። ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎቹን ወደ ጓሮ ሳወጣ ከኋላዬ እየተከተሉ ወደ ቤት ይመልሱ ነበር። በሩ ላይ ስንተላለፍ ሰላም እንባባል ጀመር።

በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «የኔን እያወጣህ ያንተ ይቀመጥ? መጽሐፍህ ካንተ አልጋ ሥር አልበቃው ብሎ የኔ አልጋ ሥር ገብቷል። ሌሊት ስገላበጥ ጥራዝ ይወጋኛል።»

እውነታቸውን ነው። ትምህርት ቤት ካቆምኩ ወዲህ መናኸሪያ አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ ሰዎች ያገኘሁትን ሁሉ እገዛ ነበር። በየስብሰባው የሚታደሉትን ወፍራም ጥራዞችም ሰው ሁሉ አንተ ታነብባቸዋለህ እያለ ይሰጠኛል። ሞክሬያለሁ፤ አልተነበቡልኝም። ግን ልካቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ክብደታቸውም የሚያስተማምን ነው። በሦስት ምሰሶ ደረደርኳቸው፤ ሳንቃ ጣልኩባቸው፤ እህቴ የጭድ ፍራሽ ሰፍታ አበባ ባለው ጨርቅ አለበሰችው። ጥሩ አግዳሚ ወንበር ወጣው። ውሃ በሳህን አስቀምጬበት አየሁ፤ ወደ የትም አላዘነበለም።

አክስቴ ጨርቁን ገልጠው አዩ። «ሰው በትምህርት ላይ ይቀመጣል?»

«የማይነበብ ነው እትዬ።»

«ቀበሌ ቢያይስ?»

«ጨርቁ እስከ ወለሉ ይወርዳል።»

በማግስቱ ጨርቁ በአንድ ስንዝር ረዝሞ አገኘሁት።

ለጓዳው በር ደግሞ ከውጭ አገር መጽሔት የወረቀት ዶቃ ሠራሁ። የመጽሔቱ ወረቀት የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ቀለሙ አይደበዝዝም። ወረቀቱ አንድ ጫፉ ሰፊ፣ ሌላው ሹል ሆኖ ይቆረጣል፤ ከሰፊው በኩል ተጀምሮ በቀጭን ምስማር ላይ ይጠቀለላል፤ ሹሉ ጫፍ በሙጫ ይያዛል። ከሹሉ በኩል ከጀመሩት ዶቃ ሳይሆን ሲጋራ ይሆናል። እህቴ ብዙ ሲጋራ ከሠራች በኋላ ገባት።

ቀጥሎ ግድግዳው። አዋሳ ከሐይቁ እርጥበት የተነሳ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ በየክረምቱ ያብጣል። አሮጌውን ላጥ ላጥ አድርጌ አነሳሁና በኪሎ በገዛሁት ጋዜጣ አዲስ መለጠፍ ጀመርኩ። ሙጫው ዱቄት በውሃ ተፈትቶ የሚበስል ነው፤ በረሮ እንዳይበላው ሬት ጨመርኩበት። የራሴ ሕግ ነበረኝ፦ ጽሑፉ ቀጥ ማለት አለበት፣ ዜና በዜና ላይ አይደረብም፣ የባለሥልጣን ፎቶ ያለበት ገጽ ከምስማርም ከወለልም ይርቃል።

ከጋዜጦቹ መሀል አንድ ተከታታይ ታሪክ ሙሉውን አገኘሁ። በቅሎው ስለጠፋችበት ገበሬ ነው። ይህን ለጆንያው ግድግዳ ለየሁት። በዓይን ትክክል፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ክፍሎቹን በተርታ ለጠፍኳቸው፤ እንግዳ ቆሞ እየተራመደ እንዲያነበው። የመጨረሻው ክፍል ሲቀር ሙጫው አለቀብኝ። ገጹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዱቄት ልገዛ ቀበሌ ሱቅ ወጣሁ።

ስመለስ አክስቴ ጨርሰውልኛል፤ ከድስቱ የተረፈውን ፍቀው። በታሪኩ መጨረሻ ቦታ አንድ ትልቅ ትራክተር ቆሟል።

«እትዬ! መጨረሻው እኮ በጀርባው ነበር!»

«ማን ሊያነበው ነው? ልጁ ትራክተር ይጠግናል አይደል? ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ትራክተር ያያሉ። እንግዳ ማክበር ማለት ይሄ ነው።»

ቀርቤ አየሁት። ደርቋል። አንድ የአየር ፊኛ እንኳ የለበትም፤ ከእኔ በተሻለ ነው የለጠፉት። የገዛሁትን ዱቄት ወደ ጓዳ አስገባሁት።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አጎቱ ቤቱን ዙሪያውን ቃኝተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በደስታ ይሁን በትዝብት አልታወቀም። አባቴ አዲሱን ወንበር እያሳዩ «ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ነጋዴው።

ደንቡ ይህ መሆኑን እያወቅሁ፣ ወንበሩን ስሠራ አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ሦስቱም ቆሙ። የቆሙትም በጆንያው ግድግዳ አጠገብ ነው። ነጋዴው ጉሮሯቸውን አጸዱና ጀመሩ።

«እንግዲህ ወንድማችን፣ እኛ ዛሬ ደጅዎን የረገጥነው ልጅዎን ለልጃችን—»

«ጠ… ፋ… ች» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

አጎቱ ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጣታቸውን በፊደሉ ሥር እያስኬዱ። ማንበብ በእርጅና የለመደ ሰው ፊደል አይቶ ማለፍ አይችልም፤ በልቡ ማንበብም ገና አልተማረም።

ነጋዴው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ታማኝነቱን የእርሻው ሠራተኛ በሙሉ—»

«ሌ… ባው… ማን… ይሆን?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ቀጥል፣ እኔ እየሰማሁህ ነው» አሉ አጎቱ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል አንድ እርምጃ ተራምደው።

አባቴ ያዘጋጁትን መልስ ሰጡ። ዘመድ ማማከር አለብኝ፣ ሌላ ቀን ብትመለሱ አሉ። ከግድግዳው ወዲያ የጓዳው አልጋ ሲንቋቋ ሰማሁ። ነጋዴው መልስ መስጠት ሲጀምሩ ግን አባቴ አልሰሟቸውም፤ ዓይናቸው አጎቱ ላይ ነበር።

«ማነው ሌባው?» አሉ።

«ገና ነው። ገበሬው ግን አንድ ሰው ጠርጥሯል።»

«ማንን?»

አጎቱ ጣታቸውን መልሰው አንድ ጊዜ አረጋገጡ። «አማቹን።»

ነጋዴው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አማቹን!» አሉ አባቴ። ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ አባቴን እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። «እኔም ብሆን እሱኑ ነው የምጠረጥር። ልጅ የወሰደ ሰው በቅሎ ላይ ምን ያቆመዋል? ያንብቡ፣ ያንብቡ።»

አጎቱ ላብ እያጠመቃቸው አነበቡ። ገበሬው ጉዞ ጀመረ፤ ወንዝ ተሻገረ፤ ልጁን ከዳረበት አገር ደረሰ፤ ወደ አማቹ አጥር ሲጠጋ ከግቢው ውስጥ በቅሎ አሽካካች። «ይቀጥላል» ይላል። አጎቱ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ተራመዱና ከትራክተሩ ጋር ተፋጠጡ።

«የት አለ?»

«ትራክተር ነው» አሉ አክስቴ በኩራት። «ለናንተ ብዬ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋማ ከአማቹ ግቢ ተያዘች» አሉ አባቴ። «ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያሻል? እንግዲህ ዘመድ ላማክርና—»

ያኔ እኔ ተናገርኩ። «አማቹ አልሰረቀም። በቅሎዋ ናት ራሷ የሄደችው።»

ሁሉም ዞሩ። አባቴ እንግዳ ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። አጎቱ ግን በርኅራኄ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ አንተ የልጅቱ ወንድም ነህ። ለእህትህ ስትል ነው ትባላለህ። ምስክርነትህ አይያዝም።»

«አይያዝም» አሉ አባቴ። የሁለቱ ወገን የመጀመሪያ ስምምነት ይህ ነበር።

አጎቱ ትራክተሩን በጥፍራቸው መፋቅ ሲጀምሩ አባቴ ጮኹ። «ተዉት! እንደሱ አይነሳም፣ ቆዳውን ይዞ ነው የሚመጣው!» ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ አስመጡ፤ ጥጥ አስመጡ። ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ እንደሚያነሱት ነበር የያዙት፤ አርሰው ይጠብቃሉ፣ ከጠርዙ በመቆንጠጫ ያነሳሉ፣ እንደገና ያርሳሉ። ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አክስቴ «ጎማው! ጎማውን እንዳትቀዱት!» እያሉ ከኋላ ያለቅሳሉ። ነጋዴው እንኳ ንግግራቸውን ትተው ጥጥ ያቀብሉ ጀመር።

ግማሹ በሰላም ተነሳ። ከዚያ አጎቱ መታገስ አቃታቸውና ጠርዙን ይዘው ሳብ አደረጉት። ወረቀቱ መጣ፤ ከወረቀቱ ጋር ጆንያውም መጣ። ያረጀ ጆንያ ነው፤ ከሥር እስከ ላይ ተተረተረ። በቀዳዳው ውስጥ በመጀመሪያ የታየው አንድ ጆሮ ነው፣ ሎቲ ያለበት፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ሲያደምጥ የነበረ።

አጎቱ ጎንበስ ብለው ለጆሮው «ጤና ይስጥልኝ» አሉ።

ጆሮው ሸሸ። በቦታው የእህቴ ፊት መጣ፤ ቀልቷል፣ መደበቂያም አልነበረውም።

አባቴ አላዩአትም። ርጥቡን ወረቀት መዳፋቸው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አጥልቀው ነበር። ከታች ያለው ሙጫው በልቶት ተጨማልቋል። ከላይ ግን ይነበባል። መጀመሪያ በልባቸው አነበቡት፤ ከዚያ ጮክ ብለው፦ በቅሎዋን ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት የገበሬው ልጅ ነበረች፤ ከተዳረች ወዲህ በቅሎዋ ሣር አልቀመስም ብላ ነበር፤ አንድ ቀን ገመዷን በጥሳ ወንዙን ብቻዋን ተሻገረች።

«አማቹ ነጻ ነው!» አሉ አጎቱ፣ የተፈቱት ራሳቸው ይመስል።

አባቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ቀዳዳው ዞሩ። በእኛ ቤት፣ እንኳን በሽማግሌ ፊት፣ ለብቻዋም ቢሆን ልጅ ስለዚህ ነገር አትጠየቅም።

«አንቺስ?» አሏት። «ቢዛወር ትሄጃለሽ?»

መለሰችላቸው። አባቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ተቀመጡ» አሉ። ይህኛው ተቀመጡ የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም፤ ሁሉም ገባው። አክስቴ ብቻቸውን እልል አሉ። ሦስቱም ተቀመጡ። አጎቱ ግን የተጨማለቀውን ግማሽ ገጽ ወደ መስኮቱ ይዘው፣ ገበሬው በቅሎዋን ይዟት ተመለሰ ወይስ ትቷት ሄደ እያሉ ሲያስጨንቁን ቆዩ። እሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

የጎደለኝ የእህቴ መልስ ነው። በዚያች ቅጽበት ከጣሳው ውሃ ጫማዬ ላይ ፈሶብኝ ጎንበስ ብዬ ነበር። አክስቴ «እሺ» ነው ያለችው ይላሉ። ነጋዴው ሱቃቸው ሄጄ ብጠይቃቸው «እርስዎ እንዳሉ» ብላለች፣ ጨዋ ልጅ ናት አሉኝ። አጎቱ በእንባ ነው የመለሰችው ብለው ይምላሉ። አባቴ ሲጠየቁ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። እሷ ራሷ፣ ዛሬ ከባሏ ጋር ሁለተኛ የሥራ ቦታቸው ላይ ሆና፣ አፌን አልከፈትኩም ብላ ልካብኛለች። ያን ዕለት ሳሎናችን የነበራችሁ፣ እስካሁን ማን እንደሆኑ ያላወቅነው ባለ ባርኔጣው ሰውዬም ቢሆኑ፣ በጓሮ በኩል ያለፋችሁ ጎረቤቶችም ካላችሁ፣ የሰማችሁትን ቃል በቃል ንገሩኝ። ማጣፈጥ አያስፈልግም። የሰማችሁበትን ቦታም ጨምሩ፤ በር ላይ ነበራችሁ ወይስ መስኮት ሥር?