የመጀመሪያው አካፋ

መሐንዲሱ አርማታ ማቡኪያው ሚክሰር አጠገብ ቆሟል። ፎርማኑ ከባሕር ዛፉ መወጣጫ ሥር ነው። ሠራተኞቹ ባልዲ ለመቀባበል ከመሬት እስከ ላይ ተሰልፈዋል። ከእኔ በኋላ ቤተ መጻሕፍቱን የተረከበችው ሴት ቢጫ ሄልሜት አድርጋ ከመሐንዲሱ ጎን ቆማለች። እኔ አጥሩ ዳር ነኝ፣ ጃንጥላዬን ይዤ።

የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት የጣሪያ ሶሌታ በአርማታ የሚሞላበት ጠዋት ነበር። የቦንጋ ግንበኞች ሶሌታ ሲሞሉ የመጀመሪያውን አካፋ አርማታ ባለቤቱ እንዲጨምር ይፈልጋሉ። አለዚያ ጣሪያው ያፈሳል ይላሉ። የበዓል ነጠላዬን የለበስኩት ለዚያ አካፋ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ዝናብ ሲጥል አንባቢው የሚፈልገውን መጽሐፍ ጮኾ ካልጠራ አልሰማውም። አሁን የተረከበችኝ ሴት ያን ጊዜ ከዋጫ መጥታ የምትማር ልጅ ነበረች። በኋላ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ለመሐንዲሱ የምነግረውም ነገር ነበረኝ። ግማሹን አንባቢ ያመጣልኝ ዝናብ ነው፤ ታዛ ሥር ይጠለላል፣ ሲሰለቸው ይገባል። ስለዚህ የአዲሱ ቤት ታዛ ሰፊ ይሁን ልለው አስቤ ነበር።

እሷ አይታኝ መጣችና እጄን ይዛ ወደ ፊት ለፊቱ ወሰደችኝ።

«እትዬ፣ ይዩትማ። ታዛው እስከዚህ ድረስ ይወጣል። ዝናብ የያዘውም፣ ባጃጅ የሚጠብቀውም እዚህ ይቆማል። ይሄ ግድግዳ ደግሞ በሙሉ መስታወት ነው፤ መጽሐፉን እያየ ውጭ የሚቀር የለም።»

«ማን አሰበው?»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ፕላኑ ላይ አልነበረም።»

ታዛውን እኔም አስቤው ነበር። መስታወቱን ግን አላሰብኩትም።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ፎርማኑ ጮኸ። «ደመናው እየወረደ ነው! ባለቤት ይጀምር!»

«የመንግሥት ቤት ደግሞ ባለቤት አለው እንዴ?» አለ ከተሰለፉት አንዱ።

«ሲመረቅ ብዙ ነው። ሲያፈስ ነው የሚጠፋው» አለ ሌላው።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እሷ ወደ ሚክሰሩ ስትመለስ መሐንዲሱም እየሳቀ አካፋውን ለእሷ ሰጣት። ማንንም አልጠየቀም።

አካፋውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። ጭቃውን አቋርጣ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«አዎ፣ አዎ፣ እናታችን ይጀምሩልን» አለ መሐንዲሱ። እኔን ገና ያን ጊዜ ማየቱ ነው።

ሁሉም ይጠብቁኛል። አካፋው መጀመሪያ የተሰጠው ለእሷ ነው፤ አሁንም እጇ እጀታው ላይ ነበር።

«ወገቤን ያመኛል» አልኩ።

«አብረን እንይዘዋለን።»

«አንቺ ጀምሪ።»

ፎርማኑ ሰማዩን አየ። ከዚያ ተመለሰችና አካፋውን አርማታው ውስጥ ሰደደችው። ሙሉ አድርጋ አነሳች፤ ባልዲው ውስጥ ስትገለብጠው ውጭ የፈሰሰ አልነበረም። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

ከአሸዋው ክምር ማዶ ለሠራተኛው የታረደውን በግ ይበልቱ ነበር።

«እማማ፣ ሳይቀምሱ የት ሊሄዱ ነው?» አለኝ ፎርማኑ።

ገና አልዘነበም ነበር። ጃንጥላዬን ዘርግቼ በአጥሩ በር ወጣሁ።