አንድ ጥርስ የተሳበው የእጅ ፍሬን

ያላቃጠልሁትን መኪና አቃጠልህ ተባልሁ። ማንበብ በማልችለው ወረቀት ላይ የአውራ ጣቴን አሻራ አስደረጉኝ፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት ከሙያዬም ከመተማ ዮሐንስም ወጣሁ። የተሠራብኝ ይኸ ነው።

የምጽፈው አገር ላላችሁ ዘመዶቼና እንደኔ ድልድዩን ወደ ሱዳን ለተሻገራችሁ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አጻጻፌ ቢንጋደድ ለዚያ ነው። ነገሩ ግን አይንጋደድም።

ሰው የሚሰደደው በጨለማ ነው ይላሉ። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ በቀትር ወጣሁ። ሌባ አይደለሁማ። ካቻቢቴን፣ ፒንሳዬን፣ የሽቦ መሞከሪያዬን በከረጢት አድርጌ፣ ያንን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ፣ በጉምሩኩ በኩል ወርጄ ወደ ጋላባት አቀናሁ። እህቴ የሺ እስከ ድልድዩ አፍ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። «ወንድም ዓለም፣ ቶሎ እመጣለሁ እያልህ እንዳትቀር» አለችኝ። ቀረሁ።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርሁ። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ቴፕ፣ ኋላ ደግሞ ከሱዳን ስዕል የሚያሳየው ማጫወቻ መግባት ሲጀምር እሱን ዳሽቦርድ ውስጥ መግጠም ያዝሁ። ፊደል ባላውቅም ሽቦ በቀለሙ ይታወቃል። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ሰዓቱንና የተሞላውን ሁሉ የሚያስታውስበት ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር የሚበራው ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። ከነዚህ ጋር አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ትወጣለች። እሷ ወደ እጅ ፍሬኑ ትሄዳለች። ፍሬኑ ካልተሳበ ድምፁ እንጂ ስዕሉ አይመጣም። ሹፌር እየነዳ እንዳያይ ብለው የሠሩት ነው። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ አረንጓዴዋን ከጥቁሩ ጋር ማሳ ላይ ያስራታል፤ ማጫወቻው መኪናው ሁልጊዜ የቆመ ይመስለዋል። እኔ ይኸን አልሠራም ነበር። በመከር ጊዜ የኮኪት መንገድ ከጎጃም ከወሎ በመጣ ሠራተኛ ይሞላል፤ ጫማውን በዱላ አንጠልጥሎ በመንገዱ ጠርዝ ለሚሄድ ሰው ሹፌሩ ዓይኑን ካልሰጠው ማን ይሰጠዋል?

ጋሽ ታከለ የሚባሉ ሰሊጥ አምራች ነበሩ፣ ከጎንደር የመጡ። ማጫወቻ ገዝተው አመጡና ፒካፓቸው ላይ ገጠምሁላቸው። ንጹሕ ሥራ ነበር። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በናስትሮ ጠቅልዬ፣ ሽቦውን እንዳይንጋጋ አስሬ አስረከብሁ። ገብተው ከፈቱት።

«ስዕሉ የታለ?»

«የእጅ ፍሬኑን ይሳቡት፣ ይመጣል።»

«ስሄድስ?»

«ሲሄዱማ መንገድ ይዩ።»

ዙሪያችንን የቆመው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «እኔ የገዛሁት ቴሌቪዥን ነው ሞግዚት?» አሉ። የልጃቸውን የሠርግ ቪዲዮ እያዩ መሄድ ነበር የፈለጉት። ሹፌራቸው ሞላ ከጎን ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። እኔ አልለውጥም አልሁ፤ ተቆጥተው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ያ ፒካፕ ሰሊጥ እንደ ጫነ ከእርሻው ሲመለስ መንገድ ላይ ነደደ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን። ሰሊጥ ግን ዘይት አይደል፣ አንዴ ከተያያዘ ማን ያጠፋዋል። ወሬው ከጭሱ ቀድሞ ከተማ ገባ፦ «የማሩ ሽቦ አቃጠለው።» ማሩ እኔ ነኝ።

ሄጄ አየሁት። እሳቱ የጀመረው ከኋላ ጎማ ነው። የኋላው ፍሬን ብረቱ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኖ ግሏል፤ ዳሽቦርዱ የነደደው በመጨረሻ ነው። የእጅ ፍሬኑን ማንሻ አየሁ፤ ሲሳብ ጥርስ በጥርስ እየቆጠረ ነው የሚወጣው። አንድ ጥርስ ተስቧል። አንድ ብቻ። ያኔ ገባኝ። ሞላ ስዕሉ እንዲመጣ ፍሬኑን አንድ ጥርስ ስቦ ነው የነዳው። ፍሬኑ ጎማውን ሲያሽ ሲያሽ ግሎ ተቀጣጠለ። ሽቦዬ በትክክል ሠርታለች። በትክክል ስለሠራች ነው መኪናው የነደደው። እንደ ሌላው አጭበርብሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬም መተማ ነበርሁ። ይኸን ነገር ስንት ዓመት አላመጥሁት፣ አልዋጥ ይለኛል።

ለሽምግልና በጋሽ ታከለ መጋዘን በረንዳ ተቀመጥን። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በላያቸው አያ ውበቱ። አንድ ጸሐፊም ከጋሽ ታከለ ጎን አለ።

«አያ ውበቱ፣ የኋላ ጎማውን ሄደው ይዩልኝ» አልሁ። «የእጅ ፍሬኑ ተስቧል።»

ሞላ ቀደመኝ። «ሳቆመውስ ምን ልሳብ? ጆሮዬን? የቆመ መኪና የእጅ ፍሬኑ ይሳባል። ይኸንን ሳያውቅ ነው እንግዲህ መኪና የሚነካው።»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። የቆመ መኪና ፍሬኑ ይሳባል፣ እውነቱን ነው፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የደነገጠ ሰው እስከ ላይ ጎትቶ ይስባል እንጂ አንድ ጥርስ አይስብም ብዬ ጮህሁ። ከሳቁ በላይ አልሆነም።

ከዚያ ጸሐፊው ጻፈና አነበበ። «ግራ ቀኙ በሽምግልና ታርቀዋል፤ ከእንግዲህ ቂም የለም።» ደህና፣ አልሁ። ቂም ከቀረ ይቅር። አሻራዬን አኖርሁ፤ ሽማግሌዎቹም እንደኔው በአውራ ጣት አኖሩ። አንድ ቅጂ ሰጡኝ።

በማግሥቱ አንድ ባጃጅ ነጂ መጣና ሳይወርድ ቆመ። «ማሩ፣ ፍሬቻዬን እይልኝ ልልህ ነበር። ግን ፈርመሃል አሉ።»

«ምን ፈረምሁ?»

«መኪና ላትነካ ነዋ። በኔ ጦስ እንዳትጣላ» ብሎ ሄደ።

ወሬ መሰለኝ። ወረቀቱን ለሚያነብ ሰው ማሳየት ነበረብኝ። አላሳየሁም። ማንበብ አለመቻሌን ከተማው እንዳያውቅ በሸሚዜ ኪስ እስክሪብቶ ሰክቼ ነበር የምዞረው። ለዚያች እስክሪብቶ ስል አፌን ዘጋሁ። ሥራ የሚያመጣ ጠፋ፣ ወጣሁ።

ጋላባት ላይ ያለው ሹም ወረቀት ሳያይ ጠየቀኝ። ሥራህ ምንድን ነው አለኝ በዓረብኛ። «ከህረበኢ» አልሁት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ።

«ሐበሻ ከህረበኢ? መብራት አላችሁ እንዴ?»

«አለን። ይሄዳል፣ ይመጣል።»

«ልክ እንደናንተ» አለና ማኅተሙን መታ።

ገዳሪፍ ገባሁ። ማሽላው የኛው ማሽላ፣ ሙቀቱ የኛው ሙቀት፣ በጥቅምት የሰሊጡ ሽታ እንኳ የኛው ነው። ሰው ይኸን ሲሰማ ታዲያ ምን ጎደለህ ይላል። ክፋቱ እኮ መምሰሉ ነው። ጠዋት ስነቃ አገሬ ይመስለኛል፤ ከዚያ ኪስራ ይቀርባል። ከማሽላ ነው የሚጋገር፣ ቀጭን፣ ስትጠቀልለው የሚቀደድ፣ እንጀራ ልሁን ብሎ አሳቡን የለወጠ። ሰላምታቸው እንደ ጎንደሬ ረጅም ነው፣ ጤናህን፣ ቤትህን፣ ሌሊትህን ይጠይቃሉ። ስምህን ግን አይጠይቁም። ሐበሺ ነህ፣ በቃ።

ያከራዩኝ ሐጂ ቤቱ መራወሐ፣ ማለት ማራገቢያ አለው ብለው ነበር። አይዞርም። ነገርኋቸው። «አንተ ከህረበኢ አይደለህም?» አሉኝ። ፈታሁ፣ ሠራሁ፣ ዞረ። በወሩ ኪራይ ጨመሩ። ለምን ብላቸው፣ «መራወሐው የሚዞር ቤትና የማይዞር ቤት አንድ ነው እንዴ?»

እዚያም አልተቀመጥሁም። መደኒ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ኋላ ካርቱም ገባሁ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ካርቱም የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ማጫወቻ መግጠም ጀመርሁ። እዚህም አረንጓዴዋ ሽቦ አለች፣ እዚህም ሁሉም ማሳ ላይ እሰራት ይላል። አሰርሁ። ለእውነት ብዬ አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ፤ ሁለተኛ አልሞኝም አልሁ። የተዋሸ ማጫወቻ ደግሞ በደንብ ይሠራል። ግን መኪናውን ሳስረክብ ለሹፌሩ ሁሉ «ሹፍ ጠሪቅ» እለዋለሁ፣ መንገድ እይ። ኋላ ስሜ እሱ ሆነ። «ሹፍ ጠሪቅ የት አለ?» እያሉ ይጠሩኛል።

አብሮኝ የሚኖር መምህር አንተነህ የሚባል የደብረ ታቦር ሰው አለ። አገሩ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ የሰው ቤት ያጸዳል። አንድ ዓርብ፣ እዚህ ዕረፍቱ ዓርብ ነው፣ እስክሪብቶዬን አይቶ አበድረኝ አለና ሲጽፍባት ቀለሟ ደርቆ አገኛት። መልሶ ኪሴ ላይ ሰካት። በሳምንቱ ከሥራ ያመጣሁትን ቁርጥራጭ ሽቦ ወሰደና በፒንሳዬ እያጠፈ ፊደል ሠራ። «ይቺ በ ናት። ቡ ማለት ከወገቧ በስተቀኝ አንድ ትንሽ ሽቦ ስትወጣ ነው። ቢ ስትል ከእግሯ ሥር አውጣት። አንተ መጋጠሚያ ታውቅ የለ?» አውቃለሁ። በዚያ ገባኝ። ዓመት ከምናምን ፈጀ።

ሙሉ አድርጌ ያነበብሁት የመጀመሪያ ገጽ ያ በላስቲክ የጠቀለልሁት ወረቀት ነው። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ። «እኔ ማሩ ባልተማረ እጄና በግዴለሽነቴ በሠራሁት ሥራ መኪናው መቃጠሉን አምኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በከተማው ውስጥ የማንንም መኪና አልነካም።» ዕርቅ የሚል ቃል ፈለግሁ። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ። የለም።

«ምን ይላል?» አለኝ አንተነህ።

«ራስህ አንብበው» አልሁት። እንዲህ ብዬ ማዘዝ በመቻሌ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ሸሚዜን ፊቴ ላይ ጣልሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን የሺ ደወለች። «ሞላ አጠገቤ አለ። ካላነጋገርሁት አልሄድም ብሏል።»

ስልኩን ተቀበላት። ድምፁ ያ የበረንዳው ድምፅ አይደለም።

«ማሩ፣ አንድ ጥርስ ነው የሳብሁት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁት።

«ከሚስቴ ጋር ልቆርብ ነበር። የንስሐ አባቴ ኃጢአትህን የተሸከመልህ ሰው እያለ አልፈታህም አሉኝ። ያን ቀን ስዕሉ ሲመጣ ጋሽ ታከለ ‘አየህ፣ ሹፌሬ ከማሩ ይበልጣል’ ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ፍሬኑን መሳቤን አላዩም፣ ዓይናቸው ሠርጉ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልልቀቀው?»

«ሽታውስ?»

«ሸተተኝ። ሰው እርሻ እያቃጠለ ነው አልሁ።»

ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣም። «ለኔ አትንገረኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አልሁት። «ያሳቅህበት በረንዳ ላይ ሂድና ንገር።»

በማርያም ዕለት እዚያው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። የሺ ስልኩን ድምፁን ከፍታ መሐላቸው አኖረችው። እኔ ካርቱም የሰው መኪና ዳሽቦርድ ሥር ተጋድሜ ነው የምሰማው። ሞላ ተናገረ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እኮ አጠገቡ ነበርሁ» አሉ።

አያ ውበቱ «በሉ ወረቀቱ ይቀደድ» አሉ።

«አያ፣ ይቆዩኝ» አልሁ ከመኪናው ሥር። «ሳይቀደድ ይነበብ። እንደ ተጻፈው ይነበብ።»

ጸሐፊው ዓይኔ ደክሟል ምናምን አለ። የሺ «መነጽር ላምጣልህ?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ አነበበ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል። እኔ በቃሌ ስለማውቀው ከሱ እየቀደምሁ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር።

አንብቦ ጨረሰ።

«ጣቴን ያኖርሁት በዚህ ላይ ነው?» አሉ አያ ውበቱ።

«አዎ አያ። እኔም።»

«ልጄ፣ እኔም እንዳንተው ነኝ። ልዩነታችን እኔ እስክሪብቶ አልሰካም።»

ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወረቀቱ ሲቀደድ በስልኩ ሰማሁት። ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ነው፤ ኪስራ ሲቀደድ ግን ድምፅ የለውም። የሺ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ወንድም ዓለም፣ እንግዲህ ምን ቀረህ? ትመጣለህ?»

አረንጓዴዋ ሽቦ በጣቶቼ መሐል ነበረች። «ይቺን ልሰርና እደውልልሻለሁ» አልኋት። ማሳው ላይ አላሰርኋትም። ወደ እጅ ፍሬኑ ወሰድኋት። የመኪናው ባለቤት መጥቶ ስዕሉ የታለ ብሎ ሲቆጣ ቆሜ ሰማሁት፤ ፍሬኑን ሳበው አልሁት።

ለየሺ እስካሁን መልስ አልሰጠሁም። የኔ ቅጂ አለ፣ እሱን አልቀደድሁትም፣ ያነበብሁት የመጀመሪያ ገጽ ነው። የእነሱ የተቀደደው ጥር 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው።