በአቼቶ የታጠበው ድንጋይ

ካርቱም ሪያድ ሰፈር የምሠራበት ቤት ጌታ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ የሚያስተምሩ ሱዳናዊ ዶክተር ነበሩ። መደርደሪያቸው ላይ አንድ ሻካራ ነጭ ድንጋይ አለ፤ ብወለውለው ብወለውለው አልጠራልኝም። የማንቆርቆሪያውን ነጭ ቅርፊት ሁልጊዜ የማስለቅቀው በአቼቶ ነውና ድንጋዩንም በአቼቶ ዘፈዘፍኩት።

ተንቸፈቸፈ፣ አረፋ ደፈቀ። ቆሻሻው የለቀቀ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሁለት ቀን ተውኩት። ሳወጣው ግማሹ የለም። ከቀረው ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ ግራጫ ጥርሶች ብቅ ብለዋል።

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነገርኳቸው። ዶክተር ድንጋዩን እያገላበጡ አዩት።

«ባዶ ነው ብዬ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ የእርሳስ ማዕድን ነው። ድሮ ከመሬት በታች ሲጓዝ የነበረ ጨዋማ ውኃ ነጩ ድንጋይ ውስጥ ትቶት የሄደ ነው።»

«ውኃው ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ቅርፊት እንደሚተወው?»

«ተማሪዎቼ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ይፈጅባቸዋል» አሉ።

ያም ሆኖ ድንጋያቸውን አጥፍቻለሁና ስንብቴ መስሎኝ ሻንጣዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው? ያላ፣ ቶሎ እንጀምር፤ መኪናው ውስጥ ይሄ ድንጋይ ከተገኘበት ተራራ ያመጣሁት አንድ ካርቶን ድንጋይ አለ። አቼቶውን እኔ እገዛለሁ።»